ቦቱ ዝም ሲል ምን ማለት ነው? የአንድ የኮድ ሪቪው ማሳወቂያ መሣሪያ ሰነድ እንዴት ተጻፈ

ጉዳዩ የአንድ ትንሽ የሶፍትዌር ቡድን ነው፤ የእኛው። ቢሮው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅም። «እዚያ ድረስ ምን ወሰዳችሁ?» ለሚል መልሱ ኪራይ ነው። ከቡድኑ ገሚሱ ኮዬ ፈጬና እዚያው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ይኖራል። አንዱ ግን ጀሞ ነው። ከጀሞ ቱሉ ዲምቱ በየቀኑ መመላለስ ዕድሜን ታክሲ ውስጥ መጨረስ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከቤቱ ይሠራል። እሱ ደግሞ የሌሊት ሰው ነው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ በጊትሀብ (ኮዳችን በሚቀመጥበት ድረ ገጽ) እና በቴሌግራም ያልፋል።

ኮድ ሪቪው ማለት አንዱ የጻፈው ኮድ ዋናው ላይ ከመግባቱ በፊት ሌላው ሲያየው ነው። ጸሐፊው ፑል ሪኩዌስት ይከፍታል፤ ሁላችንም «ፒአር» ነው የምንለው። የሚያይለትን ሰው ይመርጣል። ከዚያ ይጠብቃል። ጣጣው ያለው ጥበቃው ላይ ነው። ጊትሀብ በኢሜይል ያሳውቃል፤ ግን ኢሜይሉን በየሰዓቱ የሚከፍት ማን አለ? ቴሌግራም ሲሆን ስልኩ ገና ሳይንቀጠቀጥ ሰው ያየዋል።

ይህን ያየ አንድ ባልደረባችን ቦት፣ ማለትም ቴሌግራም ላይ በራሱ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም፣ ሠራ። ጊትሀብ ላይ አንድ ነገር ሲሆን ጊትሀብ ዌብሁክ የሚባል መልእክት ለሌላ ኮምፒዩተር ወዲያው ይልካል። መልእክቱን የሚቀበለው ቢሮ ጥግ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ቦቱ የጊትሀብን ስም ከቴሌግራም መለያ ቁጥር ጋር ከሚያዛምድ ፋይል ሰውየውን ያገኘዋል። ከዚያ ለብቻው ይልክለታል፤ የፒአሩ ርዕስ፣ ስንት መስመር እንደተቀየረ፣ ሊንኩ። ከሥር ሁለት ቁልፍ አለ፦ «አየዋለሁ» እና «አሁን አልችልም»።

ቦቱን የሠራው ልጅ ጎበዝ ነበር። 12 አስተያየት ያለበት ሪቪው ሲላክ ጊትሀብ 13 መልእክት ነው የሚልከው፤ አንዱ ለሪቪው ራሱ፣ የቀሩት ለእያንዳንዱ አስተያየት። ቦቱ ሁሉንም ጠቅልሎ አንድ ያደርገዋል። ከሁሉ በላይ የሚከታተለው «ተራው የማን ነው?» የሚለውን ነው። ጌሪት የሚባለው የኮድ ሪቪው መሣሪያም በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.3 እትሙ ያስገባው ይህንኑ ሐሳብ ነው፤ በአንድ ለውጥ ላይ አሁን እጁ የሚጠበቀው ሰው ማን እንደሆነ ለይቶ ማሳየት። ማሳወቂያ ሲበዛ ሰው መስማት ያቆማል። ተራው ለደረሰ ብቻ ሲመጣ ግን ይሰማል።

ከዚያ ልጁ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ሸኘነው፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ቦቱ ቀረ።

ቦቱ ያለ ሠሪው

የተወው ሰነድ ሪድሚ የሚባለው ፋይል ብቻ ነበር። ጫን፣ ቶክኑን (የቦቱን የይለፍ ቃል) አስገባ፣ አስነሳ ይላል። በቃ። ለራሱ የጻፈው ማስታወሻ ስለሆነ አይፈረድበትም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ፒአሮች መቆም ጀመሩ። መቆሙ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበር። ሰው በሰው ላይ ቅሬታ ያዘ። «ልኬልህ ነበር እኮ!» «ኧረ ምንም አልደረሰኝም!» የጀሞው ልጅ ቢሮ ያሉት ሆን ብለው የእሱን ሥራ ወደ ኋላ እንደሚያደርጉ ማሰብ ጀመረ። ቢሮ ያሉት ደግሞ እሱ ተኝቶ ነው ይላሉ። ጉግል ይፋ ባደረገው የኮድ ሪቪው መመሪያ ለጥያቄ መልስ ለመስጠት ቢበዛ አንድ የሥራ ቀን ይበቃል ይላል። እኛም ቦቱ ሲሠራ በዚያው እንሄድ ነበር። አሁን ግን አንዳንዱ ፒአር ሳምንት ይሞላዋል።

ቡድን መሪያችን «ለዚህ ነገር ሰነድ ይጻፍለት» አለ። ሥራው ለእኔ ደረሰ።

የሶፍትዌር ሰነድ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጻፈው መሣሪያው የሚሠራው ነገር ዝርዝር ነው። ይህን ያደርጋል፣ ያንን ያደርጋል፣ ይህን ቁልፍ ስትጫን እንዲህ ይሆናል። እኔ ግን መጀመሪያ የቴሌግራም ግሩፓችንን ወደ ኋላ ሄጄ ስለ ቦቱ የተጠየቀውን ሁሉ ሰበሰብኩ። «ቦቱ ምን ይሠራል?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። ጥያቄው በተለያየ አፍ አንድ ነው፦ «ለምን አልመጣልኝም?»

የማሳወቂያ መሣሪያ ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ፕሪንተር ሲበላሽ ወረቀት አይወጣም፣ ታያለህ። ማሳወቂያ ሲበላሽ ግን የምታየው ነገር የለም፤ ሥራ የሌለበት ቀንም እንዲሁ ነው የሚመስለው። ዝምታው «ለአንተ ምንም የለም» ይሁን «ሞቻለሁ» ማወቂያ የለህም። ስለዚህ የሰነዱ ዋና ገጽ ቦቱ ስለሚናገርበት ሳይሆን ዝም ስለሚልበት መሆን አለበት ብዬ ወሰንኩ። የቀረው ሁሉ ከእሱ በታች ይመጣል።

ዝምታው ከየት ነው?

ኮዱን አንብቤ፣ ሎጉን (ቦቱ የሠራውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል) አገላብጬ ምክንያቶቹን ለየሁ። ትልቁ መብራት ነው።

ቱሉ ዲምቱ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ሕንፃው ጄኔሬተር አለው። የሚያስነሱት ግን ዘበኛው ጋሼ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ማታ ሰው ለሌለበት ቢሮ ነዳጅ አያቃጥሉም። እውነታቸውን ነው። መብራቱ ሲሄድ ዴስክቶፑ ይጠፋል። ያን ሰዓት የጀሞው ልጅ ፒአር ከፍቷል፤ ጊትሀብ መልእክቱን ይልካል፣ መልስ ለማግኘት 10 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ያጣል፣ «አልደረሰም» ብሎ ይመዘግባል። በራሱ ድጋሚ አይልክም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ጊትሀብ ቆይቶ ይሞክራል ብሎ ያስባል። አይሞክርም። ሰው ገብቶ ድጋሚ እንዲላክ ማዘዝ ይችላል፤ እሱም ባለፉት 3 ቀናት ውስጥ የተላከውን ብቻ ነው። ዓርብ ማታ የጠፋ መልእክት ሰኞ ማታ ላይ ከእጅ ወጥቷል ማለት ነው። በዓል ከተጨመረበትማ አይወራም።

ታዲያ ልጁ እያለ ለምን ይሠራ ነበር? ኮዱ ውስጥ አንዲት ትእዛዝ አገኘሁ። ክፍት ሆነው ሪቪው የሚጠብቁትን ፒአሮች በሙሉ ከጊትሀብ ጠይቃ ለየባለቤቱ ትልካለች። ለካ ልጁ ጠዋት ጠዋት ቢሮ ሲገባ ሻይ እስኪመጣለት ድረስ እሷን ያስነሳ ነበር። ለማንም አልነገረም። ምናልባት የሚነገር ነገር አልመሰለውም። እሱ ሲሄድ የጠዋቷ ልማድም አብራ ሄደች።

ሁለተኛው ዝምታ የቴሌግራም ሕግ ነው። ቦት ላልጀመረው ሰው ቀድሞ መጻፍ አይችልም። ሰውየው ራሱ ቦቱን ከፍቶ «ጀምር» የሚለውን መጫን አለበት። አዲሷ ባልደረባችን ከገባች ጀምሮ አንድም መልእክት አልደረሳትም ነበር። ስሟ ፋይሉ ላይ አለ፣ ቁጥሯም ልክ ነው። ሎጉ ላይ ግን በስሟ ትይዩ 403 ተደርድሯል። 403 ማለት «አልተፈቀደልህም» ነው። እሷ ደግሞ «እኔ አዲስ ስለሆንኩ ነው የማይልኩልኝ» ብላ ዝም ብላለች። አንድ ቁልፍ ብቻ ነበር።

ሦስተኛው ቦቱን አይመለከትም፣ ግን ከሁሉ በላይ ሰው ያጣላው እሱ ነው። ገምጋሚው «ይህን አስተካክል» ብሎ ይመልሳል። ጸሐፊው ያስተካክላል፣ አዲሱን ኮድ ይገፋል፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ገምጋሚው ግን አያውቅም። ቦቱ የሚነቃው ሪቪው ሲጠየቅ እንጂ ኮድ በተገፋ ቁጥር አይደለም። ጸሐፊው ጊትሀብ ላይ ከገምጋሚው ስም አጠገብ ያለችውን የሁለት ቀስት ክብ መጫን አለበት። ያኔ ተራው ወደ ገምጋሚው ይዞራል። እንግዲህ ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ ይጠባበቃል፤ ሁለቱም ሌላውን ይወቅሳል።

የቀሩትን ቶሎ ልለፋቸው። ለአንድ ሰው ሳይሆን ለቡድን የተጠየቀ ሪቪው ከጊትሀብ የሚመጣው በሌላ መልክ ነው፤ ልጁ ያንን አልሠራውም። ስለዚህ የኮድ ባለቤቶች ፋይል (የትኛውን ኮድ ማን እንደሚያይ የሚወስነው) በራሱ ቡድን ሲጠራ ቦቱ አይሰማም። ረቂቅ ተብሎ የተከፈተ ፒአር ላይ ደግሞ ሆን ብሎ ዝም ይላል፤ ይህ ልክ ነው። የቴሌግራም ግሩፕ ወደ ሱፐርግሩፕ (ወደ ትልቁ የግሩፕ ዓይነት) ሲቀየርም መለያ ቁጥሩ ይቀየራል። አንድ ሰው የግሩፑን ሴቲንግ ነክቶ አዲስ አባላት የድሮውን ጨዋታ እንዲያዩ ቢፈቅድ ይበቃል። ቦቱ የድሮው ቁጥር ላይ ሲጽፍ ይውላል።

ሦስት ሰዓት

አንዱ ግን ዝምታ ሳይሆን ጩኸት ነበር፤ ራሱን ችሎ መነገር አለበት።

ቦቱ ማታ ማታ እንዲያርፍ የሚያደርግ ማስተካከያ አለው። ሠሪው «ከ18:00 እስከ 05:00» ብሎ ነበር የተወው። ቡድን መሪያችን ዕረፍቱ ከምሽቱ 4 ሰዓት እንዲጀምር ፈለገና 18:00 የሚለውን አጥፍቶ 04:00 ብሎ ጻፈ። በዚያን ሌሊት ቦቱ የሁላችንንም ስልክ ሲያስጮህ አደረ።

ዴስክቶፑ የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ። ሠሪው የጻፈው 18:00 በአዲስ አበባ 21:00 ነው፤ እኛ የምንለው ከምሽቱ 3 ሰዓት። የእሱ 05:00 ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት። መሪያችን 04:00 ብሎ ሲጽፍ ቦቱ የገባው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 እስከ 2 አርፎ የቀረውን ሲለፈልፍ አደረ። መጻፍ የነበረበት 19:00 ነበር።

አንድ ሰዓት በሦስት አቆጣጠር። ይህ ለእኛ ሰው ብቻ የሚጻፍ ነገር ነው፤ የትኛውም የውጭ መመሪያ ላይ አይገኝም። ሰነዱ ላይ ትንሽ ሠንጠረዥ አስገባሁ፦ በግራ እኛ የምንለው፣ መሐል ስልክ ላይ የሚታየው፣ በቀኝ ፋይሉ ላይ የሚጻፈው። ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ 22:00፣ 19:00። ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ 00:00፣ 21:00። ሰው ቀንሶ እንዲያሰላ መጠበቅ አያዋጣም፤ ከሠንጠረዡ ላይ ይቅዳ።

ገጹ

ሰነድን እንዴት እንክፈለው የሚል ክርክር መጣ። ዲያታክሲስ የሚባለውን የዳኒኤሌ ፕሮቺዳን አከፋፈል ያነሳ ነበር፤ መማሪያ፣ የአሠራር መመሪያ፣ ማጣቀሻ፣ ማብራሪያ ብሎ በአራት ይከፍላል። ጥሩ አከፋፈል ነው። ለአንድ ቦት ግን አራት ክፍል መገንባት ለሁለት እንግዳ ድንኳን መትከል ነው። እኛ የያዝነው የአሠራር መመሪያውንና ትንሽ ማጣቀሻ ብቻ ነው።

በምን ቋንቋ የሚለው ብዙ አላከራከረም። ሌሊት መብራት ጠፍቶ በስልክ የሚነበብ ገጽ ነው። በአማርኛ ተጻፈ፣ የቁልፎቹና የፋይሎቹ ስም እንዳለ ተተወ።

ገጹን ስጽፍ አንድ ነገር አስቸገረኝ። «ዝም ካለ ዴስክቶፑን እይ፣ ሎጉን እይ፣ ዌብሁኩን እይ» እያለ ይረዝማል። የጀሞው ልጅ ምኑን ነው የሚያየው? ስለዚህ ከሰነዱ በፊት ቦቱ ላይ ጥቂት መስመር ኮድ ተጨመረ። «አለህ?» ብለህ ስትጽፍለት እንዲህ ይመልሳል፦ «አለሁ። ከጊትሀብ መጨረሻ የሰማሁት ዛሬ ጠዋት 4:12 ላይ ነው። አንተን የሚጠብቅ 2 ፒአር አለ።»

ከዚያ ገጹ አጥሮ ይህን ብቻ ሆነ፦

«ቦቱ ዝም ካለብህ ‹አለህ?› ብለህ ጻፍለት።

ካልመለሰ ዴስክቶፑ ጠፍቷል ወይም የቢሮው ኢንተርኔት የለም። ቢሮ ያለ ሰው ጠይቅ።

ከመለሰና መጨረሻ የሰማው ትናንት ከሆነ፣ ዛሬ ደግሞ ሰው ሲሠራ ከዋለ፣ የጊትሀብ መስመር ተቋርጧል። ሁለተኛውን ገጽ እይ።

ሁሉ ደህና ሆኖ ‹የሚጠብቅህ የለም› ካለህ በእርግጥ የለም። ትጠብቀው የነበረ ፒአር ካለ ባለቤቱ ክቡን መጫኑን ጠይቀው።»

አዲሷ ባልደረባችን አንብባ እንድትሞክረው ዴስክቶፑን ሆን ብዬ አጠፋሁና ገጹን ሰጠኋት። ላስረዳት አፌን ስከፍት «ተው፣ አትንገረኝ» አለችኝ። ልክ ናት። «አለህ?» ጻፈች። መልስ የለም። ቀጣዩን መስመር አነበበችና ቀና አለች።

«ቢሮ ያለ ሰው ጠይቅ ይላል። ማንን ነው የምጠይቀው? ማታ ቢሆንስ?»

«ማታማ ጋሼ ናቸው ያሉት።»

«ታዲያ ጋሼን በለው!»

መስመሩ ተቀየረ። አሁን የሚለው፦ «ቀን ከሆነ ቢሮ ላለ ሰው፣ ማታ ከሆነ ለጋሼ ደውል። ጥጉ ላይ ያለው ኮምፒዩተር ሰማያዊ መብራቱ በርቷል ወይ ብለህ ጠይቅ።» ጋሼን አስቀድመን አናገርናቸው። «ሰማያዊዋን ማየት ምን ይከብዳል ልጄ» አሉ። ከዚያ ራሳቸው አንድ ነገር ጨመሩ። ጽዳት ሲሠራ ሶኬቱ ለሌላ ነገር እንደሚነቀል ነገሩን። ይህ በየትኛውም ሎግ ላይ አይገኝም። ሶኬቱ ላይ «እንዳይነቀል» የሚል ወረቀት በፕላስተር ተለጠፈ። እኔ እንደ ሰነዱ አካል ነው የምቆጥረው።

ምን ተቀየረ?

ሰነዱን መጻፍ ያስገኘው ትልቁ ጥቅም ሰነዱ ራሱ አይደለም። «መብራት ሲመጣ ዴስክቶፑን አብራ፣ ከዚያ ይህችን ትእዛዝ አስነሳ» ብዬ ስጽፍ፣ ይህን ለምን ሰው ያደርገዋል የሚል ጥያቄ ተነሳ። የዴስክቶፑ ባዮስ (ኮምፒዩተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ላይ መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ ተከፈተ። ትእዛዟም ቦቱ በተነሳ ቁጥር አብራ እንድትነሳ ተደረገ። ከገጹ አንድ አንቀጽ ወጣ። ለቡድን የሚጠየቀው ሪቪውም ተሠራለት፤ አንድ አንቀጽ ደግሞ ወጣ። ማብራሪያ ከመጻፍ ማስተካከል የሚቀልበት ጊዜ ብዙ ነው። የሚያሳዝነው፣ ለመጻፍ እስክትቀመጥ ድረስ አይታይህም።

«ለምን ክላውድ ላይ አታወጡትም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ክፍያው በዶላር ነው፤ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ደግሞ ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ነው። ለትንሽ ቦት አሮጌ ዴስክቶፕና አንድ ዩፒኤስ ይበቃል ተባለ። ዩፒኤሱ ሌሊቱን ሙሉ አይዝም። ግን ብልጭ ድርግም የሚለውን አጭር መጥፋት ይችለዋል።

አንድ ገጽ ደግሞ ለቴሌግራም ራሱ ተተወ። በ2015 ዓ.ም. ቴሌግራምን ጨምሮ ማህበራዊ ሚዲያዎች ለወራት ተገድበው እንደነበር ማንም አይረሳም። ያኔ ቪፒኤን የሌለው ሰው ምንም አያይም። ስለዚህ ገጹ የጊትሀብን ኢሜይል አታጥፋ ይላል። ጊትሀብ በሚልከው ኢሜይል ላይ ምክንያቱን ይጽፋል፤ ሪቪው ስለተጠየቅህ ነው፣ ስምህ ስለተጠራ ነው፣ ወይም የፒአሩ ባለቤት ስለሆንክ ነው ብሎ። በዚያ ምክንያት ማጣሪያ ሠርተህ ሪቪው የተጠየቅህበትን ብቻ ለብቻው ፎልደር ማስገባት ትችላለህ። የጀሞው ልጅ አሁንም ሁለቱንም ይጠቀማል። ከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ ኔትወርኩ እኩል አይደለም።

ቅሬታው ቆሟል ወይ? ሁሉም አልቆመም። ማሳወቂያ ደርሶት ዝም የሚል ሰው አሁንም አለ። ልዩነቱ አሁን «አልደረሰኝም» ማለት አይችልም። ለዚያ ሰነድ አይጻፍም፤ እሱ የመሪያችን ሥራ ነው።

መጨረሻ ላይ ገጹ ላይ «ባለቤት» የሚል መስመር ልሞላ ስል ቦቱ በማን ስም እንዳለ ማንም እንደማያውቅ ታወቀ። በሄደው ልጅ የግል ቴሌግራም ነው የተከፈተው። ቦት የሚከፈተውም የሚዛወረውም ቦትፋዘር በሚባለው የቴሌግራም ቦት ነው። ጻፍኩለት።

«ሰላም ነህ ወንድሜ? ቦቱ እስካሁን በአንተ ስም ነው ያለው።»

«እንዴ! እስካሁን ይሠራል?»

«ይሠራል። ቦትፋዘር ላይ ገብተህ ለመሪያችን አዙርለት።»

«እሺ፣ ማታ ቤት ስገባ።»

ማታውኑ አልሆነም፤ ባለቤትነት ለማስተላለፍ አካውንቱ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ መከፈት አለበት፣ የእሱ አልተከፈተም ነበር። ቆይቶ አዛወረልን። የድሮው ቶክን ተሰርዞ አዲስ ወጣ። ገጹ ላይ የባለቤቱ ስምና የተረከበበት ቀን ገባ። ሰው ሥራ ሲለቅ የሚሞላው የክሊራንስ ቅጽ ላይም ከላፕቶፕ፣ ከቢሮ ቁልፍና ከመታወቂያ ቀጥሎ «ቴሌግራም ቦት» የሚል መስመር ተጨምሯል።